ከጦጣዋ ሳህን

እፀገነትን ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የማያውቃት የለም። የሚያውቃት ግን በስሟ ሳይሆን በሥራዋ ነው፤ «ያቺ የጦጣዋ ሴትዮ» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን ትናደድ ነበር፣ በኋላ ለመደችው። ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነዋ! ሰው ላም ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፤ እሷ ደግሞ ወደ ፉሪ ጋራ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ ረጅም አጥር ግቢ ውስጥ፣ ለምርምር የተቀመጡ ጦጣዎችን ታበላለች፣ ቤታቸውን ታጥባለች፣ ሲያማቸው ለሐኪም ትናገራለች። ባሏ ኢያቄም ከሀይሌ ጋርመንት ለቡ ሚኒባስ የሚነዳ ተጫዋች ሰው ነው። ተሳፋሪ ስለ ሚስቱ ሥራ ከጠየቀው «የዘመዶቻችን ሞግዚት ናት» ብሎ ታክሲውን ሙሉ ያስቃል።

እጇ ለመስጠት የተፈጠረ ሴት ናት። መንዝ ነው ያደገችው። እናቷ ጠላ ሻጭ ነበሩ፣ እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጂ። ጠላ የሚቀዳ ሰው ወጉን ያውቃል፤ ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ሳይቀምስ የሚሰጥ አይታመንም፣ «ምን ቢጨምርበት ነው?» ይባላል። «አንቺ ያልቀመስሽውን ለሰው እንዳትሰጪ!» ይሏት ነበር እናቷ፣ ጆሮዋን ቆንጠጥ እያደረጉ። እናት ቆንጥጣ ያስተማረችው ደግሞ ከሰው አይወጣም። ደግ ልማድ ነው፣ ማን ክፉ ነው ይላል? መዘዙ የመጣው ግን ከዚሁ ከደግ ልማድ ነው።

ነገሩ የሆነው ኮሮና አገር ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ግቢውን የምትመራው ዶክተር ቃለሕይወት አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኞቹን ሰበሰበች። ጴንጤ ናት፣ አንደበቷ ፈጣን ነው፣ ሰው ሳትመርቅ አታልፍም። ካረገዙት ጦጣዎች ግማሾቹ በየጠዋቱ ከምግባቸው ጋር አንድ ዱቄት እንደሚሰጣቸው ነገረቻቸው። ዱቄቱ ኃይለኛ ነው፣ ያለ ጓንት አይነካም፣ ሳይታጠቡ እጅ አፍ አይደርስም።

«ከእናንተ መሃል ያረገዘች ካለች ደግሞ አሁኑኑ ትንገረኝ። ሌላ ክፍል አዛውራታለሁ፤ ምንም ነገር አይቀርባትም» አለች።

እፀገነት ዝም አለች። ወሯ ካለፈ ሰንብቷል፣ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፣ ታውቃለች። ግን እንዴት ብላ ትናገር? ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ወርዶባታል። የመጀመሪያውን ገና በሰማችበት ቀን ለጎረቤት ተናግራ እልል ተብሎላት ነበር፤ ሳምንት እንኳ አልቆየም። ሁለተኛውን ለእህቷ ብቻ ነው የነገረችው፣ እሱም አልበረከተም። ዓይን ነው አለች። ሆዷ ራሱ ገፍቶ እስኪናገር ድረስ ለሰው ቀርቶ ለኢያቄምም ላትተነፍስ ምላለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ጋዋኗን ሰፋ ያለ መረጠችና ሥራዋን ቀጠለች። አትፍረዱባት፤ የሁለት ልጅ ሐዘን ያለባት ሴት ሰው በተሰበሰበበት «እኔ ነኝ» ብላ እጇን አታወጣም።

ጦጣዎቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ እሷ ግን ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥታላቸዋለች። አንዷን «ወይዘሮ» ትላታለች። ኩራቷ ለጉድ ነው! ምግብ ሲመጣላት አትሻማም፤ ፊቷን አዙራ ትቀመጥና ሌላው ሲጨርስ ቀስ ብላ ትነሳለች። ዱቄቱ በተፈጨ ሙዝና በማር ተለውሶ ሲቀርብ ሌሎቹ ሳህኑን ላሱት። ወይዘሮ አሸተተችና ሳህኑን ደፋችው። በማግስቱም ደፋችው።

«ካልበላች ከጥናቱ ትወጣለች» አለች ዶክተር ቃለሕይወት፣ እያዘነች። ከጥናት የወጣች ጦጣ ወደ ጫካዋ እንደማትመለስ እፀገነት ታውቃለች። ሌላ ክፍል ትወሰዳለች፣ ከዚያ ወዲያ አትታይም።

በሦስተኛው ቀን እፀገነት ፍርግርጉ ሥር ተንበርክካ ለመነቻት። «በሞቴ! አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» ወይዘሮ ሳህኑን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ የእፀገነትን አፍ አየች። ተግባቡ፤ «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» ማለቷ ነው። እፀገነት ጓንቷን አወለቀች፣ ጣቷን ነከረች፣ ቀመሰች። «እሰይ! ምን የመሰለ!» ብላ ከንፈሯን አጣጣመች። ማሩ ያልፋል፣ ከኋላው ግን ምላስ የሚይዝ ምሬት አለው። ወይዘሮ እጇን ሰደደችና በላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እፀገነት ካልቀመሰች ወይዘሮ አትበላም፤ በየጠዋቱ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለወይዘሮ ሆነ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። አላበቃም። እፀገነት ዱቄቱ የፅንስ መድኃኒት መስሏታል፤ ለእርጉዞች ብቻ ይሰጣል፣ ከወሰዱትም አንዷ እንኳ አልወረደባትም። የእሷም ሆድ ይኸው በርትቷል! ሁለቱ በወጡበት ወር ሦስተኛው አልወጣም። ስለዚህ የጣቷ ጫፍ ቀስ በቀስ ጉርሻ ሆነ። ደስ እያላት፣ ፈጣሪን እያመሰገነች ዋጠችው። ይህን ሳስበው እኔ ራሴ ሰውነቴን ይቀፈኛል።

ወይዘሮ በብርዱ ወራት ወለደች፤ ዓይኗ ትልልቅ የሆነች ሴት ልጅ። እፀገነት «ሚጡ» አለቻት። እፀገነትም ሰው ሁሉ አፉን በጨርቅ በሸፈነበት ሰሞን ወለደች፣ እሷም ሴት፣ ሄርሜላ ተባለች። ድምቡሽቡሽ ያለች፣ ሳቂታ፣ እንቅልፏ የሰመረ ልጅ። ኢያቄም አቅሉን ሳተ፤ የሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ ስሟን አስጻፈ። እፀገነት ደግሞ ለማንም ሳትናገር ወይዘሮን ሙዝ ጨምራ ሸለመቻት፣ ባለውለታዬ ናት ብላ።

ኮሮናው ጋብ ሲል ከውጭም ከአገር ውስጥም እንግዶች ግቢውን ሊጎበኙ መጡ። ሄርሜላ ያኔ ዳዴ ብላ በእግሯ መቆም ጀምራለች። ዶክተር ቃለሕይወት እፀገነትን ሚጡን አቅፋ እንድትቆም አደረገችና ንግግሯን ጀመረች።

«የዘር ነገር የሚጀምረው ማህፀን አጠገብ ካሉት የእንቁላል ከረጢቶች እንዳይመስላችሁ። ፅንሱ ገና የጤፍ ፍሬ ሲያክል፣ እናትየዋ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ፣ ጥቂት ሴሎች ከሌሎቹ ይለያሉ። እጅ አይሆኑም፣ ልብ አይሆኑም። ለሚቀጥለው ትውልድ ተብለው ይቀመጣሉ። ቆይተው ጉዞ ይጀምራሉ፤ በፅንሱ አንጀት በኩል አልፈው ቤታቸው ይገባሉ። መንገድ የሳተው ይሞታል።»

አንዱ እንግዳ በአይጥ ለምን እንደማይጠና ጠየቃት።

«አይጥ ብዙ ነገር አስተምራናለች፣ እዚህ ላይ ግን ታሳስተናለች። በዚያ ዕድሜ የአይጥ ፅንስ እንደ ሲኒ ጎድጓዳ ነው፣ የሰውና የጦጣ ግን እንደ ሳህን ጠፍጣፋ። ዘሩን የሚያስነሱት ትእዛዞችም ይለያያሉ። በሰው ላይ ደግሞ እንዳናይ የትኛዋ ሴት ፅንሷን ትሰጠናለች? ጦጣ ግን በዚህ ነገር ለሰው በጣም ቅርብ ናት። ጦጣ ላይ የሆነው ሰው ላይም ይሆናል ብለን ነው የምንሠራው።»

ከዚያ ወደ ሚጡ ዞረች። «ለእናቷ የሰጠናት ዱቄት የሚያጠቃው እነዚያን ሴሎች ነው፣ ሌላውን የሰውነት ክፍል ብዙም አይነካም። ይህችን ልጅ እዩዋት! ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ምንም አልጎደላትም። ግን ሴት የምትወለደው የዕድሜ ልክ የእንቁላል ጎተራዋን ይዛ ነው፤ ከተወለደች በኋላ አንድ ፍሬ አይጨመርም። የዚህች ጎተራ ባዶ ሳይሆን አይቀርም። እርግጡን ስታድግ እናያለን። ሰው ብትሆን ብዙ ዓመት በጠበቅን ነበር፣ ጦጣ ግን ቶሎ ትደርሳለች።»

እፀገነት ክው አለች። ሚጡ የሻሿን ጫፍ ይዛ ትጎትታለች፣ እንግዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ያነሷቸዋል፣ አንዲቱ «እንዴት ይዋደዳሉ!» ትላለች። እሷ የሚታያት ያ ሳህን ብቻ ነው። «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ አጎረስኳት!» ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራት፤ ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው።

ቤቷ ገብታ ሄርሜላን አገላብጣ አየቻት። ምን ይታያል? ልጅ ናት፣ እንደ ማንኛውም ልጅ። ለኢያቄም መናገር ፈለገች፤ እሱ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ «የአያት ቅድመ አያቴን ስም የሚያስጠራ ደርዘን የልጅ ልጅ ታመጣልኛለች» እያለ ሲዘፍን አገኘችው። እራት ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት እንዲህ ነው፤ ፅንሴን ዓይን ይበላብኛል ብላ ስትፈራ የኖረች ሴት ፍርሃቷ ራሱ ከዱቄቱ ክፍል እንዳትወጣ አደረጋት።

ከዚያ ወዲህ ልቧ ሚጡ ላይ ተንጠለጠለ። ሚጡ ከወለደች ሄርሜላ ተረፈች፤ ሚጡ ከመከነች ግን... አትጨርሰውም ነበር ሐሳቡን። ምን አደረገች መሰላችሁ? ለገብርኤል ተሳለች! «ሚጡን አስወልዳት እንጂ ጥላ አስገባለሁ» አለች። ለጦጣ ስለት የተሳለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጠበል በሃይላንድ እየያዘች መጥታ ትረጫት ጀመር። ዘበኛው አባይነህ አንድ ቀን ደረሰባትና «ክርስትና ልታስነሻት ነው እንዴ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች፣ ከዚያ ዕቃ ክፍል ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በቤቷ የተቀቀለ እንቁላል፣ በመንገድ ያገኘችውን አቮካዶ፣ ጥሩ የተባለውን ሁሉ ለሚጡ ነው የምታመጣው። ሚጡም አመሏ እንደ እናቷ ወጣ፤ እፀገነት ካልቀመሰች አትበላም። እፀገነትም እንቁላሉን እየቀመሰች ትሰጣታለች።

ጦጣዎቹ ለአቅመ ሔዋን ደረሱ። ጎረምሳ ወንድ ጦጣ ገባላቸው። ዱቄቱን ያልበሉት እናቶች ልጆች አንድ በአንድ ሆዳቸው ገፋ። የነሚጡ ወገን ሆድ ግን እንዳለ ነው። ጎረምሳው መጀመሪያ ሚጡን ይከተላት ነበር፣ ቆይቶ ተዋት። እፀገነት ጥፋቱን ጦጣው ላይ አደረገች፤ «ይህ ደንባራ!» እያለች ስትሰድበው ትውላለች። በየጠዋቱ ሚጡን አቅፋ ሆዷን በመዳፏ ትዳብሳለች። ትላንት ከነበረው ጨምሮ ይመስላታል፣ ማታ ደግሞ አይመስላትም።

በመጨረሻ እነሚጡ ተኝተው በቀጭን መሣሪያ ከሆዳቸው ናሙና ተወሰደ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በግቢው ኬክ ተቆረጠ። ዶክተር ቃለሕይወት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «አንድም እንቁላል አልተገኘም! በሁሉም ላይ ጎተራው ባዶ ነው! ልክ እንደገመትነው! እናንተም ተባረኩ፣ በእናንተ ልፋት ነው» እያለች ለሁሉም በየሳህኑ ታድላለች። ለእፀገነትም ሰጠቻት። እፀገነት ኬኩን ይዛ ቆመች። ሰው ሁሉ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጠብቃ ተጠጋቻት።

«ዶክተር... ያንን ዱቄት ሰው ቢቀምሰውስ?»

«ሰው? ሰው እንዴት ብሎ ይቀምሰዋል?» ብላ ሳቀች ዶክተሯ። ከዚያ የእፀገነትን ፊት አየች። ሳቋ ቆመ። በሩን ዘጋችና መጣች። «ማን ነው የቀመሰው?»

«ወይዘሮ እኔ ካልቀመስኩላት አልበላም አለቻ! ከጥናቱ ትወጣለች አሉኝ፣ አሳዘነችኝ። በኋላ ደግሞ ለፅንስ ይበጃል ብዬ...» እፀገነት መጨረስ አቃታት።

«እርጉዝ ነበርሽ?» አለች ዶክተሯ በቀስታ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ እፀገነት! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዓይን ፈርቼ።»

ዶክተር ቃለሕይወት ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ስሚኝ፣ ተስፋ አትቁረጪ። መጠኑ ትንሽ ነው። ደግሞም ጦጣ ጦጣ ናት፣ ሰው ደግሞ ሰው ነው፤ አንድ አይደሉም» አለች።

«ለእንግዶቹ እንዲያ አላሉም ነበር፣ ዶክተር።»

ዶክተሯ እጇን ዘርግታ የእፀገነትን እጅ ያዘች፤ የሁለቱም እጅ ቀዝቅዟል። ትንሽ ልጅም ብትሆን ከደሟ ሊታይ የሚችል ነገር እንዳለ ነገረቻት። ጎተራው ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ደም ውስጥ የሚተዉት ምልክት አለ፤ እሱ ካለ ተስፋ አለ፣ ከሌለ ግን የለም። «አምጫት፤ ራሴ ነኝ የምወስድላት» አለች። በሩን ከመክፈቷ በፊት ደግሞ ዞር ብላ «እስከዚያ ለሰው አትናገሪ። ለእኔም ለአንቺም አይበጅም» አለቻት። እፀገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ዶክተሯም እንደ ፈራች አየች፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራት።

ለኢያቄም የክትባት ቀጠሮ ነው ብላ ልጅቷን ወሰደቻት። ሄርሜላ መርፌውን ስታይ አላለቀሰችም፤ «እኔ ጎበዝ ነኝ አይደል?» አለች። «ጎበዝ ነሽ» አለቻት ዶክተሯ፣ ዓይኗን ሳታነሳ። ደሙ ሄደ፣ ውጤቱም መጣ። ዶክተሯ አላመነችውም፣ ደግማ ወስዳ ሌላ ላቦራቶሪ ላከችው።

የሁለተኛው መልስ የመጣ ዕለት እፀገነት ሄርሜላን ከትምህርት ቤት አውጥታ ሀይሌ ጋርመንት መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ስልኳ ጮኸ። ዶክተር ቃለሕይወት ሳትመርቅ ጀመረች፣ ከዚያ ነው እፀገነት ያወቀችው።

«እፀገነት፣ ያው ነው። የሚለካ ነገር አልተገኘም። ይቅር በይኝ» አለች። ሌላም ነገር ትናገር ነበር። ከእንግዲህ ማድረግ ስለሚቻለው፣ ልጅቷ ስትደርስ ስለሚሰጣት መድኃኒት፣ ስለ ዘመኑ እድገት። የመኪናው ጥሩምባና የወያሎቹ ጩኸት ይሸፍነዋል፣ እፀገነትም አልተከታተለችውም። ስልኩን ዘጋችው።

የኢያቄም ሚኒባስ ደረሰች። ረዳቱ ዮኒ «የጋሼ ቤተሰብ! ግቡ ግቡ!» ብሎ መሃል ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ኢያቄም በመስታወቱ ልጁን ጠቀሳት። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ፤ ቦታ የለም። ማንም ሳይጠይቃት ሄርሜላ ብድግ አለች። «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ እኔ እናቴ ላይ እደረባለሁ» አለችና እፀገነት ጭን ላይ ወጣች። አሮጊቷ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን የልጅቷ ራስ ላይ ጫኑ።

«እደጊ፣ ተመንደጊ!»

«አሜን!» አለ ተሳፋሪው።

«ዕድሜና ጤና ይስጥሽ!»

«አሜን!»

«ውለጂ፣ ክበጂ! ዘርሽ እንደ ምድር አሸዋ ይብዛ!»

«አሜን!» አለ ታክሲው በሙሉ፤ ከሁሉም የኢያቄም ድምፅ በለጠ። ሄርሜላም እጆቿን ዘርግታ «አሜን» አለችና መርቀው እንደ ጨረሱ የእናቷን ፊት ዞራ አየች። እፀገነት የልጅቷን ወገብ አጥብቃ ይዛለች።

«እማዬ፣ አሜን በይ እንጂ!»

«ምነው አንቺ ሴትዮ፣ የልጅ ልጅ አትፈልጊም እንዴ?» አለ ኢያቄም ከፊት ሆኖ፣ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን ከልጅቷ ራስ ላይ ሳያነሱ እናቲቱን እያዩ ይጠብቃሉ።

«አሜን» አለች እፀገነት።